ሃያ ሰባት ቁጥር ፒንሳ

ድንቅነሽን ፈሪ ናት ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ውሻ ትፈራለች፣ መብረቅ ትፈራለች፣ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ልደታ ተወልዳ ልደታ አድጋ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ጥግ ቤት ይዛ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አውሮፕላን በጣሪያዋ ላይ ሲያልፍ እየሰማች አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እሷ ግን ፈሪ ለልጆቹ ትላለች። ባሏ በሳንባ በሽታ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ከእሷ በቀር ማንም አልነበራቸውም።

ይህቺው ፈሪ ሴት ግን ካልፈረመች አውሮፕላን አይነሳም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ትላልቆቹ አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ከሄዱ በኋላ ልደታ ላይ የቀረች አንዲት ትንሽ የበረራ ድርጅት ነበረች። ፖስታ፣ መድኃኒትና ባለሥልጣን ወደ ክፍለ ሀገር ታመላልሳለች። ድንቅነሽ እዚያ በጽዳት ተቀጥራ፣ ቀስ በቀስ የመሣሪያ ክፍል ጠባቂ ሆነች። ለዚህ ያበቃት ትምህርት አይደለም፤ ትምህርቱን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የተወችው። ለዚህ ያበቃት ያየችውን የማትረሳ መሆኗ ነው።

በክፍሏ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ካቻቪቴ፣ እያንዳንዱ ቁልፍና ፒንሳ የየራሱ ሚስማርና ቁጥር አለው። መካኒኩ መሣሪያ ሲወስድ ስሙ የተቀረጸባትን የነሐስ ምልክት በሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፤ ሲመልስ ምልክቱን ያነሳል። ከበረራ በፊት ድንቅነሽ ሰሌዳውን ቆጥራ፣ ሁሉም ከተሟላ አውሮፕላኑ እንዲነሳ የሚፈቅደው የመልቀቂያ ወረቀት ላይ ትፈርማለች። ይህን ሥርዓት ያስተማሯት ዋናው መካኒክ ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው። አውሮፕላን ሆድ ውስጥ የተረሳች አንዲት ፒንሳ ከመሪው ሽቦ ሥር ከተወሸቀች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ማድረግ እንደማይቻል፣ የተሳፈረውም ሁሉ አብሮ እንደሚያልቅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግረዋታል። እሳቸው ደግሞ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። የጠገኗት አውሮፕላን መጀመሪያ ስትበር አብረው ይሳፈራሉ።

ከአብዮቱ በኋላ መለዋወጫ ጠፋ። ከሦስቱ አውሮፕላኖች አንዷን እየበለቱ ሁለቱን ያበሩ ጀመር። በረራ ይሰረዛል፣ ይዘገያል፤ መንገደኛ ከነጓዙ ጥላ ሥር ውሎ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ የመለዋወጫ እጦት መሆኑን ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። የድርጅቱ ካድሬ ጓድ አምሳሉ ግን ለመዘግየት ሁሉ አንድ ስም ብቻ ነበራቸው፤ አሻጥር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዘነበ አንድ ቀን ባትሪው ሞቷልና አትነሳም አለ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች በቮልስዋገን መጥተው ወሰዱት። ሚስቱ አራት ወር ስንቅ አመላለሰች። ከዚያ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ተባለች። ከዚያ ወዲህ በሃንጋሩ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አትነሳም ብሎ አያውቅም።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል አንድ ያልተዉት ነገር ነበር። ወር በገባ ባንደኛው ቀን፣ በልደታ፣ ጥቂት ሠራተኞች የድንቅነሽን ክፍል በር ዘግተው የማርያምን ጽዋ ይጠጣሉ። ጓድ አምሳሉ ቢሰሙ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ዳቦ ለመቁረጥም ሆነ የጠላ ጀሪካን ለመክፈት ከሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ቢያነሱ ምልክት አይሰቅሉም። የማርያምን ጽዋ የነሐስ ምስክር እንዲመሰክርበት ማን ይፈልጋል? ተጠቅመው በቦታው ይመልሱታል፤ በቃ።

በ1971 ዓ.ም. የጥቅምት ልደታ ተረኛዋ ድንቅነሽ ነበረች። ድፎ ዳቦዋንና ጠላዋን በቅርጫት ይዛ መጣች፤ ጠጥተው፣ ተመራርቀው ወደየሥራቸው ተመለሱ። ጋሽ ኃይለመለኮት ከሰዓቱን በሙሉ ለማግሥቱ በረራ የምትዘጋጀውን አውሮፕላን ጭራ ሲጠግኑ ውለው፣ የጭራውን ክዳን ገጥመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ድንቅነሽ ሰሌዳዋን ቆጠረች። ሃያ ሰባት ቁጥር ሚስማር ባዶ ነው። ፒንሳውም የለም፣ ምልክትም የለም። ደግማ ቆጠረች። ያው ባዶ ነው።

ጋሽ ኃይለመለኮትን በምልክት ጠርታ፣ "ሃያ ሰባት የለም" አለቻቸው።

እሳቸው ባዶውን ሚስማር ትንሽ ተመለከቱት። "ማታ ምልክቶቼን ሁሉ ሰብስቤ ሳነሳ መልሼዋለሁ መሰለኝ" አሉ።

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ጋሽ ኃይለመለኮት መሰለኝ ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ሁለቱም በርከክ ብለው ጠረጴዛ ሥር ፈለጉ፣ ሳጥን ገለበጡ፣ የቱታ ኪስ ዳበሱ። የለም። የቀረው የጭራውን ክዳን ፈትቶ ማየት ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ከውጭ ተሳፋሪዎቹ ተሰብስበዋል። ጎሬ ለስብሰባ የሚሄዱ አራት ባለሥልጣኖችና ዘኪያ የምትባል አንዲት ነርስ ናቸው። ዘኪያ የክትባት ሣጥኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በመስኮቱ በኩል ድንቅነሽን ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። መፍራቷ ከሩቅ ያስታውቃል።

ጋሽ ኃይለመለኮት አውሮፕላኗን ዙሪያዋን ሊያዩ እንደወጡ፣ ጓድ አምሳሉ ሰዓታቸውን እያዩ ገቡና ምን እንደሚጠበቅ ጠየቁ። ድንቅነሽ ቆጠራ እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

"ዘነበም የጀመረው ባትሪ ነው ብሎ ነበር" አሉ በዝግታ። "አምስት ደቂቃ አለሽ፣ ጓድ ድንቅነሽ።"

በሩ ሲዘጋ ባዶውን ሚስማር ዞራ አየችው። እውነቱን ብትናገር ጋሽ ኃይለመለኮት ይወሰዳሉ፤ እሷም አትቀርም፤ ልጆቿ ስንቅ አመላላሽ ይሆናሉ። ብትፈርምስ? ፒንሳው ጭራው ውስጥ ከሆነስ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከመጋዘኑ ውስጥ ካልተከፈተ ሣጥን አዲስ ፒንሳ አወጣች። እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ሆና እጀታው ላይ በሚስማር ጫን ጫን አድርጋ ሃያ ሰባት ብላ ጫረችበትና ወጥታ ሰቀለችው። ከዚያ መልቀቂያውን ስባ ፈረመች። እጇ እንኳን አልተንቀጠቀጠም፤ ኋላ ላይ ከሁሉ ያስፈራት እሱ ነው።

ጋሽ ኃይለመለኮት ኮታቸውን ሊወስዱ ሲገቡ ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩ። የሚያብለጨልጨውን እጀታ አዩ። ኮታቸውን ለብሰው ወጥተው ተሳፈሩ። አውሮፕላኗ ሜዳውን ጨርሳ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ በልደታ ጣሪያዎች ላይ አለፈች። ድንቅነሽ በሩን ይዛ ድምፅዋ እስኪጠፋ ቆመች።

አውሮፕላኗ የምትመለሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ድንቅነሽ ሬዲዮ ክፍል ሄዳ የሬዲዮ ሠራተኛውን አብዱልጀባርን ጠየቀችው። አብዱልጀባር ማዳመጫውን ካንድ ጆሮው አንስቶ፣ ጅማን ካለፉ ወዲህ ድምፃቸውን እንዳልሰማ ነገራት። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሳ ሄደች፤ መልሱ ያው ነው። እሱ ደመናው ነው ይላል። እሷ ግን የሚታያት ሽቦና ፒንሳ፣ ከዚያም የዘኪያ ፊት ነው። ሰው የገደልኩ እኔ ነኝ እያለች ለብቻዋ ታወራ ጀመር።

ሥራ ሲያልቅ ቤቷ ገብታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። መኪና ሲያልፍ ብድግ ትላለች፣ የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ብድግ ትላለች። ፀሐይ ሳትገባ ወይንሀረግ መጣች። የአውሮፕላን ወንበር የምትሰፋ ባልደረባዋ ስትሆን የሚቀጥለው ወር ተረኛ ናት፤ የመጣችው ጽዋውንና ቅርጫቱን ልትወስድ ነው። ድንቅነሽ ቅርጫቱን ካልጋ ሥር ጎትታ የዳቦውን ጨርቅ ስታነሳ፣ ከፍርፋሪው መሐል ፒንሳ ዱብ አለ። እጀታው የተላጠ፣ ሃያ ሰባት የሚል የተመታበት።

ያን ጊዜ ነው የታወሳት። ትላንት የጀሪካኑ ክዳን አልከፈትም ብሎ ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት ራሳቸው ከሰሌዳው ላይ ፒንሳውን አንስተው ከፈቱት፤ ምልክት አልሰቀሉም። ጠላው ሲቀዳ ቅርጫቱ ላይ አኖሩት፤ እሷ ደግሞ በችኮላ ጨርቁን ሸፈነችበት። ምንም አትረሳም የተባለችው ድንቅነሽ ይህን ረሳች። ፒንሳውን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ ወይንሀረግ ግራ ገባት፤ ሰው የሞተባት መስሏት አብራ አለቀሰች።

አውሮፕላኗ በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ገባች። ለካስ የባለሥልጣኖቹ ስብሰባ አላልቅ ብሎ እዚያው አድረዋል፤ ሬዲዮውም እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ጋሽ ኃይለመለኮት በቀጥታ ወደ መሣሪያ ክፍሉ መጡ። አንድ ቀን ብቻ የቆዩ ሰው አይመስሉም፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ድንቅነሽ በሩን ዘግታ አሮጌውን ፒንሳ ዘረጋችላቸው፤ ከዳቦው ቅርጫት ውስጥ እንደተገኘ ነገረቻቸው።

ሳጥን ላይ ዝርፍጥ አሉ። "ደርሶ መልስ ሙሉ ጭራዋን ሳዳምጥ ነበር" አሉ። "ኮሽ ባለ ቁጥር፣ መጣ እላለሁ።"

"አዲሱን አይተውት ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ አውቀው ለምን ተሳፈሩ?"

"አንቺስ ለምን ፈረምሽ?"

ድንቅነሽ አዲሱን ከሚስማሩ አወረደች። አሮጌውን በቦታው ሰቀለችው። አዲሱን ግን ምን ታድርገው? ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ቁጥሩ ተጭሯል፤ የጎደለ ብቻ ሳይሆን የተረፈም ያስጠይቃል። ጋቢዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። የገባችው ግን ዘኪያ ናት፤ ባዶ የክትባት ሣጥኗን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ለመሄድ ቸኩላለች፤ ሳታመሰግን መሄድ ግን አላስቻላትም።

"እኔ አውሮፕላን ስፈራ ለጉድ ነው" አለች እየሳቀች። "ትላንት ልቀር ነበር። ኋላ፣ አንዲት ሴት ሁሉን ነገር ቆጥራ ካልፈረመች አይነሳም አሉኝ። በመስኮት አየሁሽ፤ ስትቆጥሪ፣ ደግመሽ ስትቆጥሪ። ስትፈርሚ ሳይ ልቤ ዐረፈ። አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ።"

ጋሽ ኃይለመለኮት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ድንቅነሽ አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም። ዘኪያ ያልሰማቻት መስሏት ምርቃቱን ደገመችላት።