«ትውለድና ይታያል»

አክስቴ አዳማ ውስጥ የማህፀን ሐኪም ነበሩ። በእርግዝናቸው ካንሰር የተገኘባቸውን ሴቶች እስከ ቡልቡላ ድረስ እየሄዱ እየተከታተሉ፣ የእናቶቹንም የሕፃናቱንም ነገር በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፉ ነበር። «ትውለድና ይታያል» ብሎ ሕክምናውን የሚያዘገይ ባልደረባ ሲገጥማቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ካንሰሩስ እሺ፣ እጠብቃለሁ አለህ?» ይሉት ነበር።

በዚያ ደብተር ከማንም በላይ የሳቀው ሐኪም በሠልስታቸው መጣ። እኛ እንኳ ያልደፈርነውን የበረንዳ ወንበራቸውን ስቦ ተቀመጠበትና፣ «ነፍስ ይማር። ደብተሩን ለጥናታችን ብትሰጪን?» አለኝ።

«አርባቸው ይውጣና ይታያል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ካንሰር የማንንም አርባ አይጠብቅም። ገብቼ ደብተሩን አመጣሁለት።

ሊሰናበተኝ የዘረጋውን እጅ ግን አልጨበጥኩትም። ወንበሩንም እሱ ሲወጣ ጠረግሁት።