የሰማይ ቤት ጉርድ ፎቶ

ነገሩ የጀመረው እናቴ የገዛ ጎረቤቷ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ድንኳን የተሳሳተች ስለመሰላት ነው።

መካኒሳ አቦ ካለው ቤታችን በሦስተኛው በር የሚኖሩ፣ ከእናቴ ጋር አርባ ዓመት በአንድ እድር የቆዩ ሴትዮ ዐርፈው ነበር። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ፣ ወንበር ይዛ፣ አልቅሳ ስታበቃ ቀና ብላ ፊት ለፊት የቆመውን ትልቅ ፎቶ አየችው። ልጆቹ እናታቸው እንዲያምሩላቸው ብለው ፊታቸውን ፎቶ ቤት በኮምፒውተር አስለስሰውታል። ሽብሽቡ የለ፣ የአንገት ንቅሳቱ የለ፣ አገጫቸው ላይ የነበረችው ኪንታሮት እንኳ የለችም። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ተነሺ እንውጣ፣ የማናውቀው ሰው ለቅሶ ነው ያለቀስነው» አለችኝ።

«እሳቸው ናቸው እኮ፣ እማዬ።»

«እሳቸው? ይቺማ የልጅ ልጃቸውም አትሆን!»

ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች የማለቅስ መስሏቸው «በቃሽ፣ በቃሽ የኔ ልጅ» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እናቴም አብራ አባበለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ኮስተር ብላ፣ «የለቅሶዬን ፎቶ በቁሜ እነሳለሁ። ላንቺ ጥዬው አልሄድም፤ አንቺ ጉዳይሽን እስክትጨርሺ ሠልስቴ ያልፋል» አለች።

እዚህ ላይ እውነቷን ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባረፈድኩ ቁጥር በታክሲ ሰልፍ አመካኛለሁ። ሰልፍ በሌለበት ቀንም ግን አረፍዳለሁ። በገዛ ሰርጌ ቀን አርፍጃለሁ። መሥሪያ ቤት አለቃዬ ስብሰባውን ለእኔ ብቻ ከእውነተኛው ሰዓት ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ነው የሚነግረኝ፤ እሱንም ደርሼበት ማርፈዴን ቀጥያለሁ። እናቴ እንደምትለው ለመወለድም ዐሥር ቀን አርፍጃለሁ።

የፎቶውን ነገር ግን በልማዴ አልነበረም ያዘገየሁት። ፈርቼ ነው። ፎቶው ከተነሳ እናቴን እዚህ የሚያቆያት ጉዳይ ያለቀ ያህል መሰለኝ። አባቴ የሞተው ሰባት ዓመቴ ላይ ነው፤ ወንድም እህትም የለኝም፤ ከተወለድኩበት ቤት የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ አንዱን ሳምንት መብራት የለም፣ ሌላውን ፎቶ ቤቱ ዝግ ነው፣ ሌላውን ደግሞ በጾሙ ፊትሽ ከስቷል እያልኩ ሦስት ወር ገፋሁት።

በእነዚህ ሦስት ወራት እናቴ ሌላ ጭንቀት ወለደች።

«አባትሽ የሄደው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው» አለችኝ አንድ እሑድ ምስር እየለቀመች። «እኔ አሁን ሰባ ስድስቴ ነው። ሰማይ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ የእናቱን እህት ነው የምመስለው። ‹እትዬ፣ ይግቡ› ብሎ ያሳልፈኛል እንጂ እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?»

ስቄ ላልፈው ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ግን እየቀለደች አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን የኖረችው፣ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ እየመለሰች የኖረችው፣ ያንን ሰው መልሳ ላገኘው ነው ብላ ነው። እሱ ሳያውቃት ቢቀርስ?

የንስሐ አባቷ ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ጠየቀቻቸው። ከእኔ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ትዕግሥታቸው ግን የሽማግሌ ነው። «አባቶች እንደሚያስተምሩን በትንሣኤ ወንዱ የሠላሳ፣ ሴቷ የዐሥራ አምስት ዓመት ሆነን ነው የምንነሣው» አሉ፤ ደስ የሚላት መስሏቸው።

«ዐሥራ አምስት?» እናቴ ክው አለች። «አባ፣ እኛ የተዋወቅነው እኮ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው! እንዲያማ ከሆነ ጭራሽ አያውቀኝም።»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያው በጠባሳዬ ያውቀኛል» አለች እናቴ።

ጠባሳዋ ከግራ ቅንድቧ በላይ ናት፤ ጥፍር ብታክል ነው። ሳይጋቡ በፊት አባቴ ብስክሌቱ ላይ ከፊቱ አስቀምጧት ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ሁለቱም ቦይ ውስጥ ገቡ። እሱ ምንም አልሆነም፤ እሷ ግንባሯን ተሰፋች። «ያገባኝ ደንግጦ ነው» ትላለች። እኔ ስለ አባቴ ከማስታውሳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ከሥራ ሲገባ ያቺን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ነካ ማድረጉ ነው። ሰላምታው እሷ ነበረች።

«እናቴ፣ በትንሣኤ ሥጋ ላይ እንከን የለም» አሉ አባ በቀስታ። «ጠባሳም አይኖርም።»

«ጌታ ሲነሣ የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ማጥፋት አቅቶት ነው?»

እናቴ ራሷ መለሰች፦ «እንዲያውቁት ነዋ። እኔም እንዲያውቀኝ ነው የምለው።»

አባ ሳቁ። «በዚህስ ረቱኝ» ብለው ጠበሉን ረጯት፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ የጨመሩላት መሰለኝ።

እኔ ስለዚያኛው ዓለም ሲነሳ ባለጉዳይ እንደምመልሰው «እናያለን» ብዬ ነው የማልፈው። የዚያን ቀን ግን እውነት እንዲሆን ከልቤ ተመኘሁ። ለራሴ ብዬ አይደለም። አባቴ በር ላይ ቆሞ እንዲያውቃት ብዬ ነው። በማግስቱ ደውዬ «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተዘጋጂ» አልኳት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «ይሄኔ ሞቼ ቢሆንስ?» አለችኝ።

ጀሞ፣ ከቤቴ በታች ያለው ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ባለቤቱ ጨዋታ የሚወድ ወፍራም ጎልማሳ ነው። «ማዘር፣ ለፓስፖርት ነው?» አላት አገጯን ቀና እያደረገ።

«ለሩቅ መንገድ ነው» አለች።

አነሳትና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ እጁ ፈጠን ፈጠን አለ። እናቴ መነጽሯን አጥልቃ ከትከሻው በላይ ስታይ ቆይታ ድንገት ጮኸች።

«የት ሄደች?»

«ምኗ?»

«ጠባሳዬ! አሁን እዚህ ነበረች።»

«ማዘር፣ አሳመርኩዎት እኮ።»

«መልሳት! ባሌ በምን ሊያውቀኝ ነው?»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ፋዘር ውጭ አገር ናቸው እንዴ?»

«ሰማይ ቤት ናቸው» አልኩት።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ጠባሳዋን መለሳት፤ ሽብሽቡንም የአንገቷን ንቅሳትም አንድ በአንድ መለሰ። እናቴ ጠጋ ብላ አየችና፣ «እሷን ትንሽ አድምቃት። ዐይኑ ደካማ ነው» አለችው። ብስክሌቱ ቦይ የገባው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በሳምንቱ ፎቶው ላሚኔት ሆኖ ደረሰ። ስወስድላት ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሳሎኑ ውስጥ ከአባቴ ፎቶ ትይዩ አስሰቀለችኝ። «ከአሁኑ ይልመደኝ» አለች። አባቴ ጥቁር ጢሙን እንደያዘ፣ እሷ ነጭ ፀጉሯን እንደሸፈነች ተፋጠጡ። እውነትም የእናቱን እህት ትመስላለች። ጠባሳዋ ግን በር ላይ ቆሜ እንኳ ትታየኛለች።

ሚስማሩን መትቼ ከወንበሩ ስወርድ ግንባሬን ዳበስኩት። ምንም የለበትም። ብስክሌት ላይ ወድቄ አላውቅ፣ ተሰፍቼ አላውቅ፣ ንቅሳት የለኝ፤ ጥንቁቅ ልጅ ነበርኩ። እንደ ቀልድ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ድምፄ ግን የቀልድ አልሆነም።

«እማዬ፣ እኔንስ በምን ታውቂኛለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺማ ምልክት አያስፈልግሽም። ሰው ሁሉ ገብቶ፣ ቦታ ቦታውን ይዞ ሲያበቃ፣ እያለከለከች ‹ታክሲ አጥቼ ነው› የምትል ከመጣች እሷ የእኔ ናት።»

ከት ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። መዶሻውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ክንዴን ያዘችኝ።

«አደራሽን፣ በሰዓቱ እንዳትመጪብኝ። እኔና አባትሽ እንጠብቃለን፤ አንቺ አርፍጂ።»

ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሁሉ ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ ሲለኝ ነው የኖርኩት። አርፍጂ ያለኝ እሷ ብቻ ናት።