የእማዬ ሳቅ ያለ ፍላሽ

ታላቅ ወንድሜ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግን ቧንቧውን ሳይሆን መስኮቱን ነው። «እዚህ ጋ የተቀመጠ ሰው ፎቶው ያምርለታል» ይልና ባለቤቶቹን ግራ ያጋባቸዋል። ውሃው ወለሉን እያጥለቀለቀው እኮ ነው!

ፍላሽ ጠላቱ ነው፤ ሰውን ሁሉ ያስደነግጣል ይላል። እናታችን መነቃነቅ የጀመረች የፊት ጥርሷን ሰኞ ልታስነቅል ነው ሲባል፣ አሮጌ ካሜራውን አንግቶ ከተፍ አለ። እማዬ ከሌሎቹ ላይ ተደርባ የወጣችውን ያቺን ጥርስ ታፍርባታለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ካሜራ ካየችማ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ድርቅ ነው። ስትስቅ የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለንም። ጥርሷ ሳትሄድ ያንን ሳቅ ማስቀረት አለብኝ ብሎ ቆረጠ።

የሳሎናችን መስኮት አንድ ነው፤ እሱም የጎረቤት ግድግዳ ተገትሮበታል።

«ሩቅ የሚያቀርበውን ረጅሙን ሌንስ አድርግበት፤ በር ላይ ሆነህ ሳታይህ ታነሳታለህ» አልኩት።

«እሱ ቀጭን ቧንቧ ነው። በቂ ብርሃን እስኪያስገባ እማዬ ስቃ ትጨርሳለች» አለኝና አጭሩን፣ አፈ ሰፊውን ሌንስ ገጠመ። ከፊልሙም ፀሐይ የሚፈልገውን ባለ መቶውን ትቶ፣ በትንሽ ብርሃን የሚሠራውን ባለ አራት መቶውን መረጠ። «ትንሽ ሻካራ ይሆናል፤ ይሁን፣ እማዬም ለስላሳ አይደለችም» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ታዲያ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገባ እየመጣ ባዶውን ካሜራ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ከረመ።

«ፊልም አለው?» ትለዋለች።

«የለውም እማዬ፣ እጄን እያፍታታሁ ነው።»

ዘዴው ካሜራውን እንድትለምደው ነው። በአምስተኛው ቀን ዞር ብላም አላየችው።

ቅዳሜ ፊልሙን አጎረሰው። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሹራብ ክር በሁለት እጇ ወጥራ ይዛልኛለች፤ እኔ እጠቀልላለሁ። ወንድሜ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ «ፊልም አለው?» አለችው።

በልቤ ዋሽ፣ ዋሽ እላለሁ።

«አለው» አላት፣ የማይረባ! ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

እማዬ አፈጠጠችበት። «የለውም ስትለኝ የምትዋሸኝ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ በማለዳ ተነስቼ ፀጉሬን ሳበጥር ከርሜ፣ ዛሬ ሳልበጠር ፊልም አስገባህ?» አለችና በሳቅ ፈነዳች። እጇ በክር ተይዟል። ወንድሜ ቀጭ አደረጋት።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጥርሷ ተነቅላ ነበር። ጆሮዋና ያልተበጠረው ፀጉሯ ደብዝዟል፤ ዓይኗና ያቺ ጥርስ ግን ቁልጭ ብለዋል። እማዬ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ስለ ፀጉሯ ልትቆጣን ነው ብለን ጠበቅን።

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ናት። ቁርጥ እሷ!»

አያታችን እኛ ሳንወለድ ሞታለች፤ ፎቶ ተነስታም አታውቅም። እንባዬ መጣ። ወንድሜና እኔ ግራና ቀኝ ተጠግተን፣ ገና ዛሬ አየናት።