የአሥራ ስድስት ቤት ቁራጭ

ጌጤ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቁራጭ ጨርቅ እየቀጠለች የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። ሰፈሩ «ድሪቶ» ይለዋል፤ አትቀየምም። «ድሪቶም ልክ አለው» ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ፊት የቆመ ሰው ስለ ልክ ሲናገር እኔ አልከራከርም።

የጎረቤታችን ልጅ ሃዊ እሑድ አግብታ ከቁስቋም ሥር ካለው መንደራችን ወደ ሸጎሌ ትሄዳለች። በሁሉም ቤት በልታ ያደገች ናትና ጌጤ ከአሥራ ስድስቱም ቤት አንዳንድ ቁራጭ ለመነችላት። እኔ የአሮጌ ካፖርቴን ገበር ሰጠሁ።

ሐሙስ ከሰዓት አስጠራችኝ። ቁራጮቹን በቤቶቻችን ተራ አልጋዋ ላይ ደርድራቸዋለች። በሐሳብ ደረጃ ያማረ ነበር። ነገር ግን የታችኞቹን ቤቶች ሐዘን ደጋግሞ ስለጎበኛቸው የሰጡት ሁሉ ጠቋቁር ነው፤ የአልጋው ግርጌ ጉድጓድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ሙሽራ እዚህ ውስጥ እግሯን ትዘርጋ?»

በርጩማ ላይ ቆማ ከላይ እያየች ጥቁሩን በነጩ መሐል መበተን ጀመረች። እኔ አነሣለሁ፣ አኖራለሁ። መጨረሻ ላይ የየሺሀረግ ቁራጭ ቀረ፤ የሟች ልጇ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ቀጭን መስመር፣ ከነኪሱ። አጠገቡ ነጭ ይፈልጋል። የቀረው ነጭ የሙሉእመቤት ነጠላ ብቻ ነው። ሙሉእመቤት የልጁን ለቅሶ አልደረሰችም፤ ሁለቱ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው።

ጌጤ አየችኝ። ከዚያ ወርዳ ጎን ለጎን በስፒል አያያዘቻቸው።

ተመልሳ በርጩማው ላይ ሳትደላደል የሺሀረግ ገባች።

«ይሄ የማን ነጠላ ነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ለቅሶው ላይ ያልቆመች አሁን አጠገቡ ትተኛ? አንሺው። አለዚያ የልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ውሰጂዋ። ሃዊ ግን ቀዳዳው የማን ቤት እንደሆነ የማትቆጥር ይመስልሻል?»

የሺሀረግ ስፒሉን ነቀለች። ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛ በሩን አየች።

«እርስዎስ ዝም ብለው ያያሉ?» አለችኝ።

«ከኔ ካፖርት ጋር ይሁን። እኔና አንቺ አልተጣላንም።»

አኖረችው። ከቡናማው ገበር አጠገብ አመድ መሰለ። ወደ አንድ ቀይ ቁራጭ ወሰደችው፤ ቀዩ ዋጠው። አልጋውን ሁለቴ ዞረች። ቂም ዘጠኝ ዓመት ሰው ልብ ውስጥ ይመቸዋል፤ አውጥተው ሲያሰጡት ግን የሚያሳርፉበት ቦታ ይጠፋል ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ነጠላው ዘንድ መለሰችው።

«ኪሱ ከሷ ጎን አይሁን። ወደ ላይ አዙሪው።»

ጌጤ ወርዳ አዞረችው፤ ተመልሳ ወጣችና ቀጥ አለች። እኔም አየሁት። ቁራጩ ሲዞር የሸሚዙ መስመር ከነጠላው ጥለት ጋር ገጥሞ፣ አንድ ሆኖ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ተሻግሯል። በርጩማው ላይ ቆማ ስትፈልገው የነበረው ይሄ ነው። የሺሀረግ የምታየው ኪሱን ብቻ ነበር፤ መግጠሙን ገና አላስተዋለችም።

«ክር ያቀብሉኝ፣ ጋሼ» አለች ጌጤ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቶሎ።»