የእትዬ ሐዋ ጾምና የኔ ሸርጣኖች

በጦርነቱ ሰሞን ነው፣ አንድ ሐሙስ... ሐይቅ ከተማ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ጥይት እንዳያገኘን መስኮቱን በቁም ሳጥንና በፍራሽ ደፍነን፣ እኔና ጎረቤቴ እትዬ ሐዋ ጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። የሁለታችንም ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ ቀን ይሁን ማታ የሚነግረን የለም።

እትዬ ሐዋ ስኳር አለባት። ግን ግንባር የሄደው ልጇ በሰላም እንዲመለስ ሐሙስ ሐሙስ ልትጾም ተስላለች። እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል... ለማፍጠሪያ ያስቀመጠችውን ቴምር እንደያዘች ነው።

«ጀምበር ሳትጠልቅ ከቀመስኩ የልጄን ስለት በላሁት ማለት ነው» አለችኝ። በር ከፍቼ እንዳላይ መንገዱ ላይ ይተኮሳል።

ያኔ ሸርጣኖቼ ትዝ አሉኝ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ለማስተርስ ጥናቴ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ወንዝ ይዤ፣ ክዳን ባለው በርሜል ካስቀመጥኳቸው ሳምንት ሆኗቸዋል። ብርሃን አያዩም። አንጎላቸው ግን የራሱ ሰዓት አለው፤ ሲመሽ ዓይናቸውን ለጨለማ ያዘጋጅላቸዋል። ቀን ድፍን ጥቁር የነበረው ዓይን ማታ የእጅ ባትሪ ሲያበሩበት መልሶ ያበራል።

የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጥቁር።

እውነቱን ልናገር፣ መዋሸት አማረኝ። «መሽቷል» ካልኳት ትበላለች፣ መንቀጥቀጡም ይተዋታል።

«እህ፣ ሸርጣኖችሽ ምን አሉሽ?»

«ገና ነው እትዬ» አልኳት፣ ክዳኑን እየመለስኩ።

«አብሽሪ፣ መምሸቱ አይቀር» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ቆይቼ ደግሜ አየሁ... ዓይናቸው ቀላ ብሎ አበራ!

«እትዬ፣ መሽቷል! አፍጥሪ!»

«ወላሂ ልጄ፣ አንቺን አምናለሁ። በሸርጣን ምስክርነት ግን አላፈጥርም።»

በቃ ልጮህባት ነበር... ከተኩሱ መሐል አዛን ተሰማ። ማይክ የለ፣ መብራት የለ፤ ሰውየው በባዶ ጉሮሮው ነው የሚጣራው። እትዬ ሐዋ «ቢስሚላህ» ብላ ቴምሩን ጎረሰች። እኔ አለቀስኩ።

ልጇ ከወራት በኋላ እያነከሰም ቢሆን መጣላት። እኔም ጥናቴን አልተውኩትም። አማካሪዬ የዚያን ቀን ማስታወሻዬን አየና «ሰዓት በሌለበት መምሸቱን በምን አረጋገጥሽ?» አለኝ።

«ምስክር አለኝ» አልኩት... «በጥይት መሐል፣ ያለ ማይክ አዛን ያለ ሰው።»