የታረቀ ደም

ሰቆጣ ወህኒ ቤት ሲያስገቡኝ ክፍሉ ጢም ብሏል። አንድ ጥግ ብቻ ሰፋ ያለ ቦታ ነበር፤ እዚያ ከደሃና ወረዳ የመጡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። «ወደሳቸው አትጠጋ፣ ክሳቸው ሞት ያስፈርዳል» አለኝ አንዱ፣ ሞት እንደ እከክ የሚጋባ ይመስል። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ተጠጋሁ። የኔ ክስ «ሕዝብ ማነሳሳት» ነው። የት እንደሚያደርሰኝ የነገረኝ ስለሌለ በር በተንኳኳ ቁጥር እኔን ሊጠሩ የመጡ ይመስለኛል።

ሽማግሌው በድንበር ጠብ ጎረቤታቸውን ገድለዋል። ያየ ሰው ስለሌለ ጠበቃው «ይካዱ» ብሏቸዋል። በአገሩ ወግ ግን የካደ አይታረቅም። ገዳዩ «እኔ ነኝ» ካላለ፣ ዘመዶቹ ድንጋይ ተሸክመው ቢለምኑም የሟች ወገን አይሰማቸውም።

«ካመንኩ ገመድ ነው። ከካድኩ ደሙ ለልጆቼ ይተርፋል። ምን ትላለህ ልጄ?»

«እኔ እንጃ አባባ» አልኩ። ፈርቼ ነው እንጂ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ፍርድ ቤት ቀርበው አመኑ። ዐቃቤ ሕጉ ሞት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አላቸው፤ በእንቅልፋቸው ሲቃዡ ክፍሉ በሙሉ ይነቃል።

ቅጣቱ የሚወሰንበት ዕለት የኔም ቀጠሮ ስለነበር በአንድ ካቴና አስረው ወሰዱን። ዳኛው ከመናገሩ በፊት የሟቹ ወንድም ከታዳሚው ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ እሳቸው ስላመኑ የአገር ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል፣ ደማችንን አድርቀናል። እሳቸው ቢሰቀሉ ሌላ ደም ይሆንብናል።»

ዳኛው ሊያነብ የያዘውን ወረቀት ገልብጦ አስቀመጠ። ከዚያ በሞት ፋንታ እስራት ፈረደ።

ሽማግሌው ወደ ሟቹ ወንድም ዞረው መሬት ድረስ እጅ ነሡ። ካቴናው እኔንም ጎትቶ አጎነበሰኝ። ፖሊሱ «አንተ ቀና በል!» ሲል ሰማሁት፤ ቀና አላልኩም። ወንድሙ እያለቀሰ «ተነሡ» እስኪል ድረስ አብሬያቸው አጎንብሼ ቆየሁ።

ዛሬ ፍርድ ቤቶች ሞት መፍረድ ለምን እንደቀነሱ ወዳጆቼ ሲከራከሩ አንዱ ሕጉን፣ አንዱ ዘመኑን ያነሣል። ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን የሟች ወንድም ፊቱ ቆሞ ሲለምነው «ይሙት» ማለት የከበደውን ዳኛ ነው። ያን ቀን ለሽማግሌው ደስ አለኝ፣ ለራሴ ግን ቀጠሮዬ ተላልፎ ወደ ወህኒ ስመለስ ፍርሃቴ ባሰ። እሳቸው የበደሉት ሰው ነበረና ይቅር የሚላቸው አገኙ። እኔ ማንንም አልበደልኩም፤ ማን ይቅር ይበለኝ?