እሁድ ከሥራ አስኪያጁ ደጅ

በንጉሡ ዘመን፣ ነፋስ ስልክ ካለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ስቀጠር ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። የሽመና መኪና ጥገና ተምሬ መውጣቴ ነው፤ እጄ ሥራ ሥራ ይለኛል። የሰጡኝ ሥራ ግን ብርድ ልብስ ማጠፍ ነበር። ማጠፍ!

ከማጥፍበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት አንድ መኪና ተበላሽቶ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል። መወርወሪያውን የሚመታው ክንድ ነው የተሰበረው፤ ያንን መቀየር ደግሞ የተማርኩት ሥራ ነው። ፎርማኑን «ይፍቀዱልኝና ልሥራው» ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሥራ አስኪያጁን ጠይቃ።»

«ቢሯቸው ልግባ?»

«የምን ቢሮ! እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎፋ ቤታቸው ሄደህ ደጅ ጥና እንጂ። እኛስ እንዴት እዚህ የደረስን ይመስልሃል?»

አንገሸገሸኝ። ለራሳቸው መኪና ብዬ በሰው አጥር ሥር ምን ያቁመኝ? ወራት አለፉ፤ መኪናውም እኔም እንደቆምን ቀረን። በቤት ደግሞ እናቴ አላስቀምጥ አለችኝ።

«ብትቆም እግርህ አይቆረጥ! አባትህም ደጅ ጠንቶ ነው ያሳደገህ።»

በመጨረሻ የክት ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ ሲሉ፣ ከአጥሩ ሥር የቆምነው ሁሉ እጅ ነሣን። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ጎሽ፣ በደህና ቀን መጣህ! ዛሬ ክርስትና አለብን፤ ድንኳኑን አግዛቸው።»

ካስማ ስተክል፣ አግዳሚ ሳመላልስ፣ ጠላ ስቀዳ ዋልኩ። ስለ መኪናው ላነሣ በተጠጋሁ ቁጥር «ቆይ፣ እንግዳ አለ» ይሉኛል።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ አስጠሩኝ። የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ገባሁ።

«ሰው አክባሪ ልጅ ነህ» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንተ ነህ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩት...»

«አመስግን እንጂ! ደግሞ ምን ጎደለህ?»

እናቴ እልል አለች። አብረውኝ ብርድ ልብስ የሚያጥፉት ልጆች ቀኑብኝ። እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ከሰውየው የፈለግኩት ሹመት አልነበረም። «አንተ ምን ትችላለህ?» ብለው አንዴ ቢጠይቁኝ ይበቃኝ ነበር።

ግምጃ ቤቱን ስረከብ የዚያ መኪና ክንድ፣ አዲሱ፣ ከነእሽጉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ይዤው ወደ ፎርማኑ ሮጥኩ። ሸራውን ልገልጥ እጄን ስሰድ ያዘኝ።

«አንተ አሁን የግምጃ ቤት ሰው ነህ» አለኝ። «መኪና ምን አገባህ?»